ዴንቨር አካባቢ የድሮ ካምፐር ስቶቭ የሚጠግን ለምትፈልጉ

4 ኮከብ ከ5 ሰጥቻለሁ። የቀነስኳት አንዷ ኮከብ ከስራው ጋር አትገናኝም፣ ወደታች ስደርስ እነግራችኋለሁ። ሪቪው የምጽፍላቸው ሰውዬ በአንዲት ነጭ ቫን እየዞሩ ካምፐራችሁ (ያ በመኪና እየተጎተተ የሚታደርበት ቤት) የቆመበት ድረስ መጥተው የሚጠግኑ፣ አውሮራና ዴንቨር ዙሪያ የሚሰሩ፣ ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው ፈረንጅ ናቸው። ፈረንጅም ቢሆኑ ሽማግሌ ናቸውና አንቱ እያልኩ ነው የምጽፈው፣ አትሳቁብኝ። ስማቸውን እዚህ አለጥፍም፣ ብቻቸውን ስለሚሰሩ ስልካቸውን ማጨናነቅ አልፈልግም፣ የምር ስራ ያላችሁ ኢንቦክስ አድርጉኝ።

እቃው ምንድነው ለምትሉ፣ ባለቤቴ የ1970ዎቹ ሻስታ ገዛ፣ ያቺ ከኋላዋ ግራና ቀኝ ክንፍ የተለጠፈባት ትንሽዬ ትሬለር ናት። "ኮሎራዶ እየኖርን ተራራ ላይ አንዲት ቅዳሜ ሳናድር ልናረጅ ነው" ብሎ ነው የገዛት፣ እኔ ሆቴል ይሻለኛል ባይ ነበርኩ፣ አሁን ግን ከሱ ብሼ ወድጃታለሁ። ቆርቆሮዋ ደህና ነው፣ ጣሪያዋ አያፈስም፣ ስቶቯ ደግሞ ሶስት በርነር ከላይ ትንሽ ኦቨን ከስር ያለው የድሮ ማጂክ ሼፍ ነው፣ ቀለሙ ያ የዛን ዘመን የአቮካዶ አረንጓዴ፣ ኢናሜሉ አንድም ቦታ አልተላጠም። ሲያዩት ያምራል፣ ሲለኩሱት ነው ጉዱ የሚወጣው።

የግራው በርነር እሳቱ ቢጫ ነው፣ ጀበናዬን ስጥድበት ቂጧን ጥላሸት አልብሶ መለሰልኝ። የቀኙ ደግሞ በተቃራኒው ሹሹሹ እያለ ይጮሃል፣ ነበልባሉ በርነሩ ላይ አይቀመጥም፣ ከፍ ብሎ አየር ላይ የተንሳፈፈ ነው የሚመስለው። የኋላው ማዞሪያ ድርቅ ብሏል፣ ባለቤቴ በፒንሳ ልሞክረው ሲል እጁን ይዤ ነው ያስቆምኩት። ኦቨኑ ፓይለቱ (ዋናውን የምትለኩሰው ትንሿ እሳት) ይበራል ዋናው እሳት ግን ብትጠብቁት ብትጠብቁት አይመጣም። ከዚህ ሁሉ በላይ ሲሊንደሩ ተከፍቶ በሩን ዘግተን ቁጭ ስንል ያ የበሰበሰ እንቁላል የመሰለ ሽታ አልፎ አልፎ ሽው ይላል።

ሽታው ላይ ትንሽ ልቁም፣ ብዙ ሰው አያውቀውምና። ፕሮፔን ራሱ ሽታ የለውም፣ እንዲሸት ተብሎ ኤቲል መርካፕታን የሚባል ነገር ነው የሚጨመርበት። ሌላው ደግሞ ከአየር ይከብዳል፣ አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ፣ ስለዚህ ሲያፈስ ወደ ጣሪያ አይወጣም ወለል ላይ ነው የሚተኛው፣ ቆማችሁ ያልሸተታችሁ ነገር ዝቅ ስትሉ ሊሸታችሁ ይችላል። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ደግሞ የማሽተት አቅማቸው ስለሚቀንስ ጭራሽ ላይሰማቸው ይችላል፣ እናቷን ይዛ ካምፒንግ የምትሄድ ሰው ይሄን ልብ ትበል። እኛ ክረምት መጥቶ ከሰል ቤት ውስጥ አድርገው ተኝተው በዛው የቀሩ ሰዎችን ወሬ እየሰማን ነው ያደግነው፣ እርግጥ ያኛው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው እሱ እንደውም ምንም ሽታ የለውም፣ ግን ጠባብ ክፍል ውስጥ እሳት ሲባል እኔ ቀልድ አላውቅም።

መጀመሪያ የሄድነው አንድ ትልቅ የአርቪ (የካምፐር) መሸጫና መጠገኛ ነበር፣ ስሙን ተዉት። የተላከልን ልጅ የስቶቩን ክዳን እንኳን ሳያነሳ በስልኩ መብራት ጎንበስ ብሎ አየና "ይሄ እድሜውን ጨርሷል፣ አዲስ ነው የሚያስፈልጋችሁ" አለን። እሺ አዲሱ ስንት ነው ስንለው ስቶቩ ከነማስገቢያው ከ1,500 ዶላር በላይ። ያም ይሁን፣ ግን አዲሶቹ ስቶቮች ልካቸው ከድሮው ቀዳዳ ጋር አይገጥምም፣ ስለዚህ ካቢኔቱ ይቆረጣል፣ ያ የድሮ የበርች እንጨት አንዴ ከተቆረጠ ደግሞ መልሳችሁ አታገኙትም። ለምርመራ ተብሎ ግን ከፍለን ነው የወጣነው። ምኑን እንደመረመረው እስካሁን አልገባኝም።

ከዛ ባለቤቴ ስራ ቦታ አንድ ሰው እኚህን ሰውዬ ጠቆመው። የመጡ ቀን ስቶቩን አላዩትም። መጀመሪያ የሄዱት ፊት ለፊት ትሬለሯ ምላስ (መኪና ላይ የምትታሰርበት ብረት) ላይ ወደተቀመጡት ሲሊንደሮች ነው፣ ዘጓቸው፣ በሩንና መስኮቱን በሙሉ አስከፈቱን፣ ከዛ መነጽራቸውን አድርገው የሲሊንደሩ አንገት ላይ የተቀረጸውን ቀን ማንበብ ጀመሩ። ለካ ሲሊንደርም ቀን አለው። እዚህ አሜሪካ አዲስ ሲሊንደር ከተሰራበት ቀን ጀምሮ 12 ዓመት ነው፣ ከዛ በኋላ ታይቶ ካልታደሰ መሙላት ክልክል ነው። ሌላው ማወቂያ መክፈቻው ነው፣ ከ2002 ጀምሮ ትንንሾቹ ሲሊንደሮች ከልክ በላይ እንዳይሞሉ የሚከለክል ነገር ውስጣቸው ከሌለ አይሞሉም፣ ያ ያለው መክፈቻው ባለ ሶስት ማዕዘን ነው። ከትሬለሯ ጋር ከመጡት ሁለቱ አንዱ ክብ ነበር። "ይሄንን አበባ ትከሉበት" አሉንና ፈተው ወደ ጎን አስቀመጡት። ቀልዳቸው ነው፣ በኋላ ጋዝ የሚሞላበት ቦታ ወስዳችሁ አስረክቡት ብለው አድራሻ ጻፉልን።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ይሄን ሪቪው እንድጽፍ ያደረገኝም እሱ ነው። ከቫናቸው አንድ ሰሌዳ ይዘው መጡ፣ ሰሌዳው ላይ ውስጡ የሚታይ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ዩ ቅርጽ ሆኖ ታስሯል፣ ቱቦው ውስጥ ቀይ ቀለም የተደረገበት ውሃ አለ፣ በሁለቱ ክንዶች መሃል ማስመሪያ ተለጥፏል። ማኖሜትር ነው፣ የጋዝ ግፊት መለኪያ። ዲጂታል አለኝ ግን ደንበኛው በዓይኑ እንዲያይ ይሄን ነው የማመጣው አሉ። የአንዱን በርነር ቱቦ አነሱና የማኖሜትሩን ጫፍ ጋዙ በሚወጣባት ቀዳዳ ላይ ሰኩት። ሲሊንደር ውስጥ ያለው ግፊት በሞቃት ቀን ከ100 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) በላይ ነው፣ ስቶቩ የሚፈልገው ግን ግማሽ ፒኤስአይ እንኳን አይሞላም፣ በዚህ በውሃ ሲለካ የሁለቱ ክንዶች ልዩነት 11 ኢንች መሆን አለበት። ያንን ሁሉ ግፊት የሚያወርደው ሬጉሌተሩ ነው፣ ያቺ ሲሊንደሩ አጠገብ ያለች ክብ ብረት።

ሲሊንደሩን ከፈቱ፣ ሌሎቹን በርነሮች ለኮሱ፣ ውሃው ተነሳ፣ 11 አለፈ፣ 13 ላይ ተወዛወዘ። "እሺ አሁን እዩ" አሉና በርነሮቹን አጠፉ። ውሃው ትንሽ ከፍ ብሎ መቆም ነበረበት፣ ሬጉሌተር ማለት እሳት ሲጠፋ ቀጥ አድርጎ መዝጋት አለበት። የኛ ግን አልቆመም፣ በቀስታ ወደላይ ይሄዳል፣ 14፣ 15፣ ደግሞ ይቀጥላል፣ እኛ ሶስታችንም አፋችንን ከፍተን ቀይዋን ውሃ እናያለን። ጎንበስ ብለው ዘጉት። ያ የሚጮኸው የቀኙ በርነር፣ ነበልባሉ የሚንሳፈፈው፣ በርነሩ ምንም አልሆነም ነበር፣ ከልኩ በላይ ጋዝ እየተላከበት ነው። እንግዲህ ያ ልጅ 1,500 ዶላር የሚያወጣ አዲስ ስቶቭ ቢያስገባልን ኖሮ አዲሱም በዚሁ አሮጌ ሬጉሌተር ላይ ተገጥሞ ይሄው ነበር የሚሆነው።

ሬጉሌተር አይጠገንም ይቀየራል አሉ፣ ቀየሩት። ሁለት ደረጃ ያለው አዲስ አስገቡ፣ መጀመሪያ ወደ 10 ፒኤስአይ ገደማ ያወርደዋል ከዛ ሁለተኛው ወደ 11 ኢንቹ። ከሲሊንደሩ ወደሱ የሚሄዱት የጎማ ቱቦዎችም አብረው ተቀየሩ፣ አሮጌውን ጎማ ሲያጥፉት ላዩ ላይ ስንጥቅጥቅ ያለ መስመር አሳዩን። ሬጉሌተሩ የሚተነፍስበት ቀዳዳ ወደታች እንዲያይ አድርገው አሰሩት፣ ውሃና በረዶ እንዳይገባበት ነው፣ ኮሎራዶ ላይ ያለ ሰው ይሄን ሳይነገረው ይገባዋል። ድጋሚ ለኩት፣ 11 ላይ ቁጭ። አጠፉት፣ ትንሽ ከፍ አለና ቆመ። ባለቤቴ አጨበጨበ።

የግራው በርነር ጉዳይ ሌላ ነው። ፈትተው አወጡት፣ ያንን አየርና ጋዝ የሚቀላቀሉበትን ቱቦ በባትሪ አበሩበትና ለኔ ሰጡኝ፣ እዪው አሉ። ውስጡ ነጭ የጥጥ ብናኝ የመሰለ ነገር ተጠቅጥቋል። የሸረሪት ድር ነው፣ ከነእንቁላሉ። ሸረሪቶች እንዲህ አይነት ጠባብ ቱቦ ይወዳሉ፣ ካምፐር ክረምቱን ሙሉ ቆሞ ስለሚከርም ደግሞ የሚረብሻቸው የለም። ድሩ አየሩን ስለሚዘጋው ጋዙ በቂ አየር አያገኝም፣ እሳቱ ቢጫ ይሆናል፣ ቢጫ እሳት ደግሞ ጥላሸት ብቻ አይደለም ካርቦን ሞኖክሳይድም ያመጣል። በቀጭን ብሩሽ ጠረጉት። የጋዙን መውጫ ቀዳዳ ግን በሽቦ አልነኩትም፣ ፈትተው ፈሳሽ ውስጥ ዘፈዘፉትና በአየር ነፉት። ምክንያቱን ስጠይቃቸው ቀዳዳዋ በጸጉር ታህል እንኳን ከሰፋች የምታወጣው የጋዝ መጠን ይቀየራል፣ በመርፌና በሽቦ የምትጎረጉሩ ሰዎች ስቶቩን የምትገድሉት በዚህ ነው አሉ። ባለቤቴ ወደኔ አላየም።

ከዛ የአየር መግቢያዋን ብረት ወዲህ ወዲያ እያንሸራተቱ እሳቱን አስተካከሉት። ዴንቨር ከፍታው 1,600 ሜትር ገደማ ነው፣ ተራራው ላይ ደግሞ ከዛ በጣም ይበልጣል፣ አየሩ ይሳሳል፣ ስለዚህ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልተወው አሉ። እኔ ደግሞ አላስቻለኝም፣ አዲስ አበባ እኮ ከዴንቨር ትበልጣለች አልኳቸው፣ 2,300 ሜትር በላይ ናት። አላመኑኝም። አፍሪካ ሲባል ሜዳና በረሃ ብቻ የሚመስላቸው ሰው ብዙ ነው፣ ስልኬን አውጥቼ ነው ያሳየኋቸው፣ "ታዲያ እናንተ አገር ስቶቭ የሚያስተካክለው ማን ነው?" ብለው ጠየቁኝ፣ እኔ እንጃ አልኳቸው፣ ቤታችን ቢጫ እሳት ሲሆን ሲሊንደሩ ሊያልቅ ነው ተብሎ ነው የሚታለፈው።

የደረቀው ማዞሪያ ቀላሉ ስራ ሆነ። ውስጡ ሾጣጣ ነሐስ አለ፣ ሲዞር ቀዳዳው ከቀዳዳው ሲገጥም ጋዝ ያልፋል፣ በመሃል የሚቀባው ግሪስ በዘመን ብዛት ደርቆ ሙጫ ሆኗል። አውጥተው አጸዱት፣ ሙቀት የሚችለውን የጋዝ ቫልቭ ግሪስ በስሱ ቀቡት፣ ከበዛ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። አሁን በአንድ ጣት ነው የሚዞረው። ሶስቱንም እንደዛ አደረጓቸው፣ ሁለቱን አልጠየቅናቸውም ነበር።

የቀረው ሽታው ነው። እዚህ ጋ ነው ሰውዬው የገቡኝ። መስመሩ ውስጥ ትንሽ ግፊት፣ 8 ኢንች፣ አስቀሩና ሲሊንደሩን ዘጉ፣ የስቶቩን ሁሉ ዘጉ፣ ሰዓታቸውን አዩ። 3 ደቂቃ ውሃው ንቅንቅ ማለት የለበትም። የኛ በቀስታ ወረደ። ስለዚህ የሆነ ቦታ ያፈሳል። ክብሪት ለኩሰው በየመገጣጠሚያው የሚያስጠጉ ሰዎች አሉ፣ አገር ቤት በዓይኔ አይቻለሁ፣ እባካችሁ እንዳታደርጉት። እሳቸው የሳሙና ውሃ በጠርሙስ እየረጩ ከፊት ተነስተው እያንዳንዱን ዳዶ እያዩ ወደኋላ ሄዱ። ከስቶቩ ጀርባ ያለውም ምንም አልነበረበትም። በመጨረሻ ከጠረጴዛው በላይ ግድግዳው ላይ የተሰካችው የድሮ የጋዝ መብራት ጋ ደረሱ።

ይቺን መብራት እኛ ጌጥ መስላን ነበር። ማሾ አስታወሳችሁ? ያቺ በነጭ ጋዝ የምትሰራው፣ ሰርግና ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተሰቅላ ሽሽሽ የምትለው። ይቺ የሷ ፕሮፔን ዘመድ ናት፣ ውስጧ ያቺው የምትሰባበር ነጭ ከረጢት አለች፣ የድሮ ትሬለሮች መብራት ሳይኖር ካምፕ ስለሚያድሩ ብዙዎቹ ነበራቸው። ሳሙናውን ሲረጩባት መዝጊያዋ ስር ትንንሽ አረፋ ቱፍ ቱፍ እያለ ወጣ። ባለቤቴ ትጠገን አለ፣ እኔ ትዘጋ አልኩ፣ እሳቸው ከኔ ጋር ሆኑ። የመዳቡን ቱቦ ከመብራቷ አላቀቁና ጫፉን በነሐስ ክዳን ዘጉት፣ መብራቷ ግድግዳው ላይ እንዳለች ናት። እዛው የመዳብ መገጣጠሚያዎቹ ላይ ከኛ በፊት የነበረ ሰው ነጭ ቴፍሎን ቴፕ ጠምጥሞ ስለነበር ተናደዱ። ፍሌር የሚባለው አፉ እንደ ጥሩምባ የተከፈተ መገጣጠሚያ ነሐስ ከመዳብ ተጣብቆ ነው የሚዘጋው፣ ቴፕ አይፈልግም፣ ቴፑ እንደውም በደንብ እንዳይገጥም ያደርገዋል። ቴፕ የሚደረገው ጥርስ ለጥርስ ለሚገባው የቧንቧ አይነት ነው፣ እሱም የጋዙ ቢጫው ነው እንጂ የውሃው ነጭ አይደለም። ሁሉንም አጽድተው ድጋሚ አሰሩ፣ ድጋሚ 3 ደቂቃ፣ ውሃው አልተነቃነቀም። ባለቤቴ ስልኩ ላይ ሰዓት ይዞ 3 ደቂቃው ካለፈም በኋላ ፍጥጥ ብሎ ያይ ነበር።

ኦቨኑ አልተሰራም፣ ይሄንን እንድታውቁት። አዲሶቹ ኦቨኖች ቴርሞካፕል አላቸው፣ ፓይለቱ ሲያሞቀው ትንሽ ሚሊቮልት ኤሌክትሪክ ያመነጭና ቫልቩን ክፍት አድርጎ ይይዛል፣ ከጠፋ ይዘጋል። የድሮዎቹ ግን ሌላ ናቸው፣ ፓይለቱ እሳት ውስጥ የምትቆም ቀጭን ዘንግ አለች፣ ከሷ እንደ ጸጉር የቀጠነ ቱቦ ወደ ቫልቩ ይሄዳል፣ ውስጡ ያለው ሲሞቅ ሰፍቶ ቫልቩን ይገፋዋል። የኛዋ ሞታለች። ከነዚህ የድሮዎቹ ብዙዎቹ ውስጣቸው ሜርኩሪ ነው፣ ስለዚህ እኔ ራሴ ልፍታው ብላችሁ በመቁረጫ እንዳትገቡበት። እሳቸው መለዋወጫው ከተገኘ እመጣለሁ፣ የማይገጥም ነገር ግን አልገጥምም ብለው ወደ ኦቨኑ የሚሄደውን ጋዝ ዘግተው ሄዱ። እውነቱን ለመናገር አልከፋኝም፣ አምባሻ ልጋግርበት አስቤ ነበር፣ አሁን መጥበሻና ድስት ማስቀመጫ ሆኗል። ከስቶቩ ጀርባ ያለውን ግራጫ ሰሌዳም አስቤስቶስ ሊሆን ስለሚችል አትፋቁት አትብሱት ብለውናል።

ዋጋ። ለመምጣት ብቻ 120 ዶላር፣ ከዛ በሰዓት 140፣ እቃ ለብቻው። ሬጉሌተሩ፣ ጎማዎቹ፣ ክዳኖቹ፣ ወለል አጠገብ የሚገጠም የፕሮፔንና የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ተጨምሮ ጠቅላላው ከ700 ዶላር ትንሽ አለፈ። አላርሙን እኛ አልፈለግንም ነበር፣ ያለሱ አልሄድም አሉ። ተናድጄ ነበር፣ አሁን አልናደድም። ርካሽ ነው አልልም፣ በተለይ ትሬለሯን ራሷን ስንት እንደገዛናት ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፣ ግን አንዱንም ነገር ሳያሳዩን አልቀየሩም፣ አሮጌውን እቃ በሙሉ በካርቶን አድርገው አስረክበውን ነው የሄዱት።

አንዷ ኮከብ። ሰውዬው ቴክስት አይመልሱም። ጠዋት እመጣለሁ ካሉ ጠዋት ማለት እስከ ምሳ ሰዓት ነው፣ እኛን በቀጠሮ የሚያማን ሰው እሳቸውን ይቅጠር። ከመጀመራቸው በፊት ጠቅላላው ስንት ይመጣል ብላችሁ ብትጠይቁ "ሳላየው እንዴት አውቃለሁ" ነው መልሱ፣ ካዩት በኋላም ብትጠይቁ ያው ነው። ካርድ አይቀበሉም፣ ካሽ ወይ ቼክ፣ ደረሰኙ በእጅ የተጻፈ ነው፣ ጽሁፋቸው ደግሞ የሀኪም ጽሁፍ ነው ምንም አይነበብም። ወሬ ይወዳሉ፣ በሰዓት እየከፈላችሁ ስለ ቬትናም ዘመን ጄኔሬተር ታሪክ ሲጀምሩ ልባችሁ ሰዓቱ ላይ ነው የሚሆነው፣ እርግጥ ሂሳቡ ሲመጣ ወሬውን ቀንሰውት ነበር፣ ግን አስቀድመው ቢነግሩኝ ታሪኩን በደንብ እሰማው ነበር።

ለማን ይሆናሉ፣ የድሮ ስቶቭ ያለው፣ ኦሪጅናሉን ማቆየት የሚፈልግ፣ ቆሞ ማየትና መጠየቅ የማይሰለቸው ሰው ይጥራቸው። ነገ ጉዞ ያለው ሰው አይጥራቸው። አዲስ ካምፐር ያላችሁ ደግሞ ዋራንቲያችሁ ላይ ነው መሄድ ያለባችሁ።

ስቶቩ አሁን እንዴት ነው ለምትሉ፣ ሶስቱም በርነሮች ሰማያዊ ናቸው፣ ዝቅ ሲደረጉ አይጠፉም፣ ለኔ ትልቁ ነገር እሱ ነው፣ ጀበና ትልቅ እሳት ላይ ከተጣደች ትፈነዳለች ወይ ትገነፍላለች። ሽሮም ሰርቼበታለሁ፣ ከስር አላረረም። ጋዙም ብዙ ነው የሚቆየው፣ 20 ፓውንድ ሲሊንደር ውስጥ ወደ 430,000 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ) አለ፣ አንድ በርነር በሰዓት 6,500 ገደማ የሚወስድ ከሆነ ሙሉ ለሙሉ ተከፍቶ ከ60 ሰዓት በላይ ይነዳል። ሱቅ ደጃፍ ባዶውን ሰጥታችሁ የምትለዋወጡት ሲሊንደር ግን ብዙ ጊዜ 15 ፓውንድ ብቻ ነው የሚሞላው፣ እዛው ፊት ለፊታችሁ የሚሞላበት ቦታ ሂዱ። ስቶቩ ሲነድ መስኮት ክፈቱ፣ ብርድ ነው ብላችሁ ለማሞቂያ አታብሩት፣ እነዚህ የድሮ በርነሮች ነፋስ ቢያጠፋቸው ጋዙን ራሱ የሚዘጋ ነገር የላቸውም።

ልትጠሯቸው ካሰባችሁ በመጋቢትና በሚያዝያ ደውሉ፣ ከግንቦት በኋላ አይገኙም፣ በረዶ ሲወርድ ደግሞ ጭራሽ አይሰሩም። ደውሉ ነው ያልኩት፣ ቴክስት አታድርጉ። ከመምጣታቸው በፊት ከስቶቩ ስርና ከጎኑ ያለውን ካቢኔት ባዶ አድርጉት፣ እቃ እያወጡ የሚፈጁትም ሰዓት ይቆጠራል። ሲሊንደሩ ግማሽ ያህል ጋዝ ይኑረው፣ ባዶ ከሆነ ምንም መለካት አይችሉም፣ 120ውን ግን ይቀበላሉ። ቡና ይጠጣሉ፣ ያለ ስኳር።